ሐረር ጅብ ለማየት ሲመጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከድሬዳዋ እስከ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው ከሰዓት በኋላ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት ይወጣል፤ ሐረማያንና አወዳይን አልፎ ሲመሽ ሐረር ይገባል። በቀጥታ መጋቢዎች ማታ ማታ ለጅቦቹ ሥጋ ወደሚሰጡበት ቦታ ይሄድና ሁለት ሦስት ፎቶግራፍ አንስቶ በዚያው ሌሊት ይመለሳል። እኔም ዘመዶቼን ይዤ ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ አሁን ሳስበው ጅቦቹን በደንብ አይተናቸዋል ማለት አልችልም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ የመጀመሪያው ስህተት ችኮላ ነው። ከተቻለ ሐረር እደሩ። ጨለማው ሳይወርድ ቀድማችሁ ተቀመጡና ማን ቀድሞ እንደሚመጣ፣ ማን ከዳር ቆሞ ተራውን እንደሚጠብቅ ተመልከቱ።

ሁለተኛው ስህተት ከልጅነታችን ይዘነው ያደግነው ነው። በተረቶቻችን ውስጥ ጅቡ ሁልጊዜ አያ ጅቦ ነው፤ ወንድ፣ ሆዳምና ሞኝ። ስለዚህ አንገተ ደንዳናው ትልቅ ጅብ ሌሎቹን ገፍቶ ወደ ሥጋው ሲጠጋ ሁሉም ሰው «አውራው እሱ ነው» ይላል። ያ ጅብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። ሐረር የምናየው ባለ ነጠብጣቡ ጅብ ነው፤ በዚህ ዝርያ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ መንጋውንም የምትመራው እሷ ናት። ልጅ ማዕረጓን ከእናቷ ትወርሳለች። ወንዶቹ ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ከተወለዱበት መንጋ ወጥተው ሌላ መንጋ ይቀላቀላሉ፤ እዚያም ከታች ጀምረው ነው የሚኖሩት። የሴቷ ብልት ከውጭ ሲያዩት የወንዱን ስለሚመስል ጅብ ወንድም ሴትም ነው የሚል እምነት በብዙ አገር ለዘመናት ኖሯል። እውነቱ ግን ወንዱ ወንድ፣ ሴቷም ሴት መሆኗ ነው፤ የምትወልደውም በዚያው ጠባብ መንገድ በመሆኑ የመጀመሪያ ወሊዷ እጅግ ከባድ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ለዚህች እንስሳ ያለኝ አክብሮት ጨምሯል።

አንድ ምሽት ገና ያልጠነከረች ትንሽ ጅብ መጥታ ከእሷ በእጅጉ የምትገዝፈው ጅብ ቦታ ስትለቅላት አየሁ። ግራ ቢገባኝ መጋቢውን ጠየቅሁት። «የመሪዋ ልጅ ናት» አለኝ። መጋቢዎቹ እያንዳንዷን ለይተው ያውቃሉ፤ በስምም ይጠሯቸዋል። ስለዚህ አትገምቱ፣ ጠይቋቸው። ጭራና ጆሮም ብዙ ይናገራሉ፤ ጭራዋን ወደ ላይ ያቆመች ጅብ ለጠብ የተነሳሳች ናት፣ ጭራዋን በእግሮቿ መካከል ሸጉጣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ያጠፈችው ደግሞ የፈራች ናት።

ሳቃቸውን እንደ ደስታ መቁጠርም ስህተት ነው። ያ የሚቆራረጥ ሳቅ መሰል ድምፅ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ጅቧ ስትባረር፣ ስትፈራ ወይም ምግብ ላይ ስትጨነቅ ነው። ስትሰሙት አብራችሁ አትሳቁ፤ ማን ማንን እንዳስጨነቀ ፈልጉ።

የካሜራ ብልጭታ ይቅር። ለጨለማ የተሠራ ዓይን ላይ በተደጋጋሚ መብራት መተኮስ ደግነት አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ከሐረር የተማሩትን ድፍረት ይዞ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ነው። እዚህ ሰውና ጅብ ረጅም ጊዜ አብረው ኖረዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር በተሠራውና በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጀጎል ግንብ ሥር ጅብ የሚያልፍባቸው ዝቅተኛ ቀዳዳዎች አሉ። ሐረሪዎች ጅብን ዋራባ ይሉታል። ዋራባ በሌሊት በቀዳዳዎቹ ገብቶ የከተማዋን ጥራጊ ያጸዳል፤ ነዋሪውም ከመንገዱ ዞር ይልለታል። ይህ መግባባት የዚህች ከተማና የእነዚህ መንጋዎች ነው። ያው እንስሳ በሌላ ቦታ አህያና በግ ይፈጃል፤ ሰውም ገድሎ ያውቃል። ከመጋቢው አጠገብ ሆኖ፣ እሱ በሚለው መንገድ፣ ሥጋውን በእንጨቱ ጫፍ ማቅረብ አንድ ነገር ነው። ከመኪና መስኮት አጥንት መወርወር ግን ጅቧን ከመኪና ምግብ እንድትጠብቅ ያስተምራታል፤ መጨረሻዋም አስፋልት ላይ መገጨት ሊሆን ይችላል። ልጆችን እጃቸውን ይዛችሁ አቁሙ፤ ውሻም ይዛችሁ አትምጡ።

የምሽቱን ምገባ የጥንቱ ባህል አድርጎ መውሰድም የተለመደ ነው። ለጎብኚ የሚታየው ምገባ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የመጣ ነው። የእስልምና በዓል በሆነው በአሹራ ቀን ግን ለጅቦች ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርባል፤ ከአበላላቸውም የመጪው ዓመት ዕጣ ይነበባል። በዚያ ዕለት የሚመጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከኋላ መቆም አለበት፤ ለነዋሪው ቀኑ የጸሎት ቀን ነው።

ግልገሎችን ለማየት ጉድጓዳቸውን የሚፈልጉም አሉ። አትሂዱ። የጅብ ግልገል ጥቁር ሆኖ፣ ዓይኑን ገልጦና ጥርስ አብቅሎ ነው የሚወለደው፤ ከዓመት በላይም ይጠባል። እናትየው ያን ያህል የደከመችበትን ቦታ ሰው ከደፈረው ልጆቿን ወደ ሌላ ጉድጓድ ማዛወር ሊኖርባት ነው።

በመጨረሻም፣ ሥጋው እንዳለቀ አትነሱ። መኪኖቹ ሲሄዱና መብራቱ ሲጠፋ ጅቦቹ ወደ ራሳቸው ኑሮ ይመለሳሉ። ሁለት ጅቦች ጎን ለጎን፣ ራስና ጭራ ሆነው ይቆሙና አንድ እግራቸውን አንስተው ይሻተታሉ፤ ሰላምታቸው ይህ ነው። ከዚያ ከሐኪም ተራራ በኩል ያ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣው ረጅም ጩኸት ይመጣል። ጩኸቱ በኪሎ ሜትሮች ርቀት ይሰማል፤ የእያንዳንዷ ድምፅም የራሷ ነው። እዚህ ያሉት ራሳቸውን ቀና አድርገው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ አንዷ ትነሳና ወደ ጨለማው ትሄዳለች።