ለሪብ ጀልባ የሚስማማ ማጽጃ አመራረጥ

ሪብ በመባል የሚታወቀው ጀልባ ሁለት ጠባይ አለው። ታችኛው አካሉ ከፋይበርግላስ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራና ጠንካራ ነው፤ ጎኖቹ ደግሞ በአየር የሚነፉ፣ በማጣበቂያ ወይም በሙቀት የተያያዙ ቱቦዎች ናቸው። የማጽጃ ምርጫውን የሚያከብደውም ይኸው ነው፤ ፋይበርግላሱን ሳይነካ እድፉን ሙልጭ አድርጎ የሚያወጣ ኬሚካል ቱቦውን ሊያደርቀው፣ መጋጠሚያውን ሊያላቅቀው ወይም አሉሚኒየሙን ሊበላው ይችላል። ስለዚህ ወደ መደብር ከመሄድ በፊት ጀልባውን ራሱን ማወቅ ያስፈልጋል። «ለሁሉም ነገር የሚሆን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ጠርሙስ ለዚህ ጀልባ ከሁሉ ይልቅ የሚያጠራጥር ነው።

የቱቦውን ጨርቅ መለየት

ቱቦዎች በብዛት የሚሠሩት ከሁለት ዓይነት ጨርቅ ነው። አንዱ ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ነው፤ ሌላው ሃይፓሎን እየተባለ የሚጠራው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ሃይፓሎን የዱፖንት ኩባንያ የንግድ ስም ነበር። ኩባንያው ማምረቱን በ2010 እ.ኤ.አ. ቢያቆምም፣ ሌሎች ፋብሪካዎች ሲኤስኤም በሚል ስያሜ የሚሠሩት ተመሳሳይ ጎማ ዛሬም በባለ ጀልባዎች ዘንድ የሚጠራው በዚሁ በቀድሞው ስም ነው። ከፖሊዩረቴን የተሠሩ ቱቦዎችም አሉ፤ እነዚህን በተመለከተ የአምራቹን መመሪያ ብቻ መከተል ይበቃል።

ጨርቁን ለመለየት አስተማማኙ መንገድ አምራቹን መጠየቅ ነው። በጀልባው የኋላ ግድግዳ ላይ የሚገኘው መለያ ቁጥር ስለ ጨርቁ ምንም ባይናገርም አምራቹንና የተሠራበትን ዓመት ያመለክታል፤ ይህን ይዞ ለፋብሪካው መጻፍ ይቻላል። መልስ ካልተገኘ ግን ዓይንና ጣት ብዙ ይናገራሉ። ፒቪሲ ለስላሳና አንጸባራቂ ነው፤ መጋጠሚያዎቹም ብዙ ጊዜ በሙቀት የተበየዱ ናቸው። ሃይፓሎን ደብዘዝ ያለ ገጽ አለው፤ መጋጠሚያዎቹ ተደራርበው በማጣበቂያ የተያያዙ ሲሆኑ ከላያቸው የጎማ ጥብጣብ ይለጠፍባቸዋል። ከጀልባው ጋር የተሰጠው የመጠገኛ ዕቃ ሳጥን ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ ካለ ነገሩ ይቀልላል፤ ያ ቁራጭ ብዙውን ጊዜ ከቱቦው ጨርቅ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ወስዶ ጥግ ጥጉን ቀስ አድርጎ መፈተግ ይቻላል። ሃይፓሎን እንደ ጠመኔ ያለ ብናኝ ይሰጣል፤ ፒቪሲ ግን ቢጫር እንጂ እንዲህ አይበንንም። ሙከራውን በራሱ በቱቦው ላይ ማድረግ አስፈላጊ አይደለም።

ፒቪሲን የሚጎዳው ምንድን ነው?

ፒቪሲ በተፈጥሮው ግትር ነው፤ ለቤት የውሃ መስመር የሚዘረጋው ጠንካራ ቧንቧ የሚሠራውም ከዚሁ ነው። የጀልባ ቱቦ ሲሆን እንዲታጠፍና እንዲለጠጥ የሚያደርገው በውስጡ የተቀላቀለው ማለስለሻ ነው። አሴቶን፣ ቲነር፣ ቶሉዊን፣ ቤንዚንና የመሳሰሉት አሟሚዎች ይህን ማለስለሻ ከጨርቁ ውስጥ እየሳቡ ያወጡታል። ጉዳቱ በዕለቱ ላይታይ ይችላል፤ እንዲያውም እድፉ ወዲያው ስለሚለቅ ማጽጃው የተዋጣለት ይመስላል። ቆይቶ ግን ቱቦው ሙጫ የተቀባ ይመስላል፤ ጣት ሲያርፍበት ተጣብቆ ይቀራል፤ አቧራውና የወንበር ክር ሳይቀር ይለጠፍበታል፤ በውሃ ቢታጠብም አይለቅም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድርቀትና በእጥፋቶች ላይ የሚታይ ስንጥቅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት መጣበቁን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ይበልጥ ኃይለኛ አሟሚ መፈለጉ ነው። ይህ ጉዳቱን ከማፋጠን በቀር ምንም አይጠቅምም። የወጣው ማለስለሻ ተመልሶ አይገባምና፣ መጣበቅ የጀመረ ቱቦ የሚያስፈልገው በገለልተኛ ሳሙና መታጠብ፣ ከፀሐይ መከለልና የባለሙያ አስተያየት ነው። በሙቀት፣ በፀሐይና በዕድሜ ብዛትም ይኸው መጣበቅ ሊከሰት ስለሚችል፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የማጽጃው ላይሆን ይችላል።

ሃይፓሎን በዚህ ረገድ ቻይ ነው። ለጥገና ሲዘጋጅ በአሴቶን ወይም በቶሉዊን ረጠብ ባለ ጨርቅ ፈጠን አድርጎ መጥረግ የተለመደ አሠራር ነው። ነገር ግን ጨርቁ ቢችል ማጣበቂያው አይችልም። በጥብጣቡ ጠርዝ ሥር የገባ አሟሚ ማስቲሹን ያላላዋል፤ ጠርዙ ቀስ በቀስ ይነሳል፤ በተነሳው ውስጥ አሸዋና ጨው ይገባል። ስለዚህ ለዘወትር ጽዳት ሲባል በሃይፓሎን ላይም ቢሆን አሟሚ መጠቀም ተገቢ አይመስለኝም።

ለዘወትር የሚበቃው

በእኔ ግምት ከጽዳቱ አብዛኛው የሚያልቀው በንጹሕ ውሃ፣ በገለልተኛ ፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽና በስፖንጅ ነው። ገለልተኛ የሚባለው የፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት ወይም የአልካላይነት፣ መጠኑ 7 አካባቢ የሆነ ማለት ነው፤ ከ6 እስከ 8 ያለው ለቱቦውም፣ ለፋይበርግላሱም፣ ለአሉሚኒየሙም አያሰጋም። ለሳህን ማጠቢያ የሚውሉት እንደ ላርጎ ያሉ ፈሳሽ ሳሙናዎች ብዙውን ጊዜ ወደዚህ ይጠጋሉ፤ በ10 ሊትር ባልዲ ውስጥ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው። ኦሞና ሌሎች የልብስ ዱቄት ሳሙናዎች ግን አልካላይነታቸው ከፍ ስለሚል የአሉሚኒየሙን ገጽ ሊያደበዝዙ ይችላሉ፤ ያልሟሟው ቅንጣታቸውም በብሩሽ ሲፈተግ ይጭራል። ለመኪና የሚሸጥ ሻምፑም ይሆናል፤ ነገር ግን ሰም ወይም ሲሊኮን የተጨመረበት አለመሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

ሲሊኮንን መለየት ያስፈለገው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ቱቦው ላይ ሰው ይቀመጥበታል፣ ይረግጠዋልም፤ የሲሊኮን ማብረቂያ የተቀባ ቱቦ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ሁለተኛውና ከባዱ ደግሞ ቱቦው አንድ ቀን ሲቀደድ ይታያል፤ ሲሊኮን የነካው ገጽ ማጣበቂያ አልቀበል ስለሚል ጥገናው አይይዝም። ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት ካስፈለገ፣ ለሚነፋ ጀልባ ተብሎ የተዘጋጀና ሲሊኮን የሌለው መሆኑ በጽሑፍ የተገለጸ ይመረጥ።

የማይገቡ ነገሮች

በረኪና በቅድሚያ ይቀራል። የቱቦውን ቀለም ያነጣል፤ የመቀመጫውን ስፌት ክር ያዳክማል፤ አሉሚኒየምና የማይዝግ የሚባለውን ብረት ሳይቀር ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበላል። ከዚህም በላይ በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲቀላቀል ክሎራሚን፣ ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሁለቱም ሳንባን ይጎዳሉ። ባልዲው ውስጥ «ይጠንክር» እየተባለ አንዱን በሌላው ላይ መጨመር በፍጹም አይገባም።

አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ከፕላስቲክ የተሠራውን የጀልባ የፊት መስታወት ያደክመዋል፤ በላዩ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣል። የምድጃ ማጽጃ ኮስቲክ ሶዳ ስላለበት አሉሚኒየም አጠገብ መድረስ የለበትም። ከብርቱካን ልጣጭ ዘይት የሚሠሩ፣ «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ማጽጃዎች ሰውን በቀላሉ ያሳስታሉ፤ በውስጣቸው ያለው ሊሞኒን ራሱ አሟሚ ነው። የሽቦ ማጠቢያና የሚፈገፍግ ዱቄትም ይቅሩ። በላቫጆ ቤት የሚገኘውን ባለ ከፍተኛ ግፊት ውሃ በተመለከተ፣ በታችኛው አካል ላይ ቢውል ጉዳት የለውም፤ ወደ ቱቦው መጋጠሚያና ወደ ቫልቮቹ አቅርቦ መርጨት ግን ጥብጣቡን ያነሳል።

ለልዩ እድፎች

በቱቦው አናት ላይ፣ ተሳፋሪዎች በሚቀመጡበትና እጃቸውን በሚያሳርፉበት ቦታ የሚታየው ቡናማ ወይም ቢጫ አሻራ ብዙ ጊዜ ከፀሐይ መከላከያ ቅባት የመጣ ነው። በቶሎ ከተደረሰበት ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ያነሳዋል፤ ከደረቀ ደጋግሞ ማጠብ እንጂ ቲነር መፈለግ አያስፈልግም። ዲት የተባለው ንጥረ ነገር ያለበት የወባ ትንኝ መከላከያ ከዚህ ይብሳል፤ ፕላስቲክን የማሟሟት ጠባይ ስላለው ተሳፋሪዎች ከመሳፈራቸው በፊት በየብስ ላይ ተቀብተው እጃቸውን እንዲታጠቡ ማድረግ ይሻላል። ቤንዚን ከፈሰሰ ሳይቆይ በደረቅ ጨርቅ መምጠጥ፣ ቀጥሎም በሳሙና ማጠብ ይገባል።

ለሻጋታ ከፋርማሲ የሚገኘው 3 ከመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከበረኪና ይሻላል፤ ለጥቂት ደቂቃ አቆይቶ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ለዝገት ምልክትና በፋይበርግላስ ላይ ለሚቀረው ቡናማ የውሃ መስመር ኦክሳሊክ አሲድ ያለበት ማጽጃ ውጤታማ ነው፤ ነገር ግን በጓንትና በዓይን መከላከያ፣ በፋይበርግላሱ ላይ ብቻ፣ ወደ ቱቦውም ሆነ ዚንክ ወደተለበጠው ተሳቢ እንዳይፈስ ተጠንቅቆ መሥራት ያስፈልጋል። ታችኛው አካል አሉሚኒየም ከሆነ ለዚያው ተብሎ ከተዘጋጀ ምርት ውጭ አሲድ አይነካው።

ማስረጃውን ማንበብ፣ ከዚያም መሞከር

በጠርሙሱ ፊት ለፊት የሚታየው ማስታወቂያ ነው፤ የሚጠቅመው ከጀርባው ያለውና ከሁሉም በላይ የደህንነት መረጃ ሰነዱ ነው። ሰነዱ 16 ክፍሎች አሉት፤ ሻጩ ባይኖረው እንኳ ከአምራቹ ድረ ገጽ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ክፍል 2 አደጋውን፣ ክፍል 3 በውስጡ ያሉትን ንጥረ ነገሮች፣ ክፍል 9 የፒኤች መጠኑን፣ ክፍል 10 ከምን ጋር መቀላቀል እንደሌለበት፣ ክፍል 12 በውሃ ውስጥ ባሉ ሕይወቶች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይገልጻሉ። በጠርሙሱ ላይ የሞተ ዓሣና የደረቀ ዛፍ ምልክት ካለ፣ ያ ምርት ሐይቅ ዳር የሚውል አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሙከራው ይከተላል። በነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት ጠብ አድርጎ፣ ከተቻለ በመጠገኛው ቁራጭ ላይ፣ ካልሆነም ከእጅ መያዣ ገመዱ ሥር በማይታይ ቦታ መቀባት፣ ለ10 ደቂቃ ያህል መተው፣ አለቅልቆ ማድረቅና በማግሥቱ ማየት ነው። ጨርቁ የቱቦውን ቀለም ከያዘ፣ ቦታው ከደበዘዘ ወይም በጣት ሲነካ ከተጣበቀ ምርቱ ይመለስ። በጠራራ ፀሐይ መሞከርም ሆነ ማጠብ አይመከርም፤ በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የበጋ ሙቀት ማጽጃው ሳይለቀለቅ ቱቦው ላይ ስለሚደርቅ፣ ሥራው ማለዳ ወይም ጥላ ሥር ቢሆን ይሻላል።

እጣቢው የት ይሄዳል?

«በተፈጥሮ የሚበሰብስ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው እንደሚያስበው «የማይጎዳ» ማለት አይደለም። ኦኢሲዲ በተባለው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የተለመደ የሙከራ ደንብ መሠረት አንድ ንጥረ ነገር በቀላሉ በስባሽ የሚባለው በ28 ቀናት ውስጥ ቢያንስ 60 ከመቶ ሲበሰብስ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ሳሙናው የዓሣውን ስንጥብ መጉዳቱን ይቀጥላል። ለምሳሌ ሐዋሳ ሐይቅን እንውሰድ፤ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣው ወንዝ የለውም። በአሞራ ገደል ዓሣ ከሚወጣበት ከዚህ ሐይቅ ዳር የተደፋ እጣቢ ታጥቦ የሚሄድበት ቦታ የለም። ጣና በዓባይ በኩል መውጫ ቢኖረውም፣ የባሕር ዳር ዳርቻው ሰው የሚጠቀምበት ውሃ ነው። ስለዚህ ጀልባውን በተሳቢው አውጥቶ፣ ከውኃው ርቆ አፈር በሚመጠው ቦታ ወይም የፍሳሽ ማስወገጃ ባለበት ማጠብ ይገባል፤ ፎስፌት የሌለበት ሳሙና መምረጥም የአልጌን መስፋፋት ከማገዝ ያድናል።

በጀልባው ወለል ላይ የተጠራቀመ ዘይትና ናፍጣ ሲሆን ሳሙና መፍትሔ አይደለም፤ ዘይቱን በታትኖ ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ ከውሃው አያወጣውም። በአሜሪካ ውሃ ላይ የተንሳፈፈን ዘይት በሳሙና መበተን ሕግን የሚጻረር ተግባር ነው። ዘይት የሚመጥ ጨርቅ ወይም ንጣፍ ተጠቅሞ ማውጣትና ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋር አብሮ ማስወገድ ይሻላል።

የተረፈው ማጽጃ በመጣበት ጠርሙስ፣ ጽሑፉ ሳይላጥ፣ ከቤንዚን ጋኑ ተለይቶ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጦ ጀልባው ላይ መተው፣ የተጠማ ሰው ውሃ መስሎት እንዲጠጣው በር መክፈት ስለሆነ ለአንድ ቀንም ቢሆን መደረግ የለበትም።