ለቤት ሆርን ስፒከር ክሮስኦቨር ስትሠሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ክሮስኦቨር ድምፁን በፍሪኩዌንሲ ከፋፍሎ ለየድርሻው የሚያድል ሰርኪት ነው። ኮአክሲያል ኮምፕሬሽን ድራይቨር፣ ማለትም ሆርን ጀርባ ላይ የሚታሰረው ድምፅ አመንጪ፣ ውስጡ ሁለት ዲያፍራም (የሚርገበገብ ስስ ሽፋን) አለው። አንዱ መካከለኛውን ድምፅ፣ ሌላው ቀጭኑን ይይዛል። ሁለቱም የሚወጡት በአንድ ጉሮሮ ነው። ቢኤምኤስ 4590 የተባለውን ድራይቨር ብንወስድ ሥራ የሚካፈሉት 6300 ኸርዝ አካባቢ ላይ ነው። ድምፁን እንዲህ አንድ ወጥ የሚያደርገው ይሄ ነው፤ የፓሲቭ ክሮስኦቨር (ከአምፑ በኋላ በካፓሲተር፣ በኮይልና በሬዚስተር የሚሠራው) ጣጣም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

በጣም የተለመደው ስህተት ድራይቨሩ ላይ የተጻፈውን 8 ኦም አምኖ ማስላት ነው። 8 ኦም መጠሪያ እንጂ ልክ አይደለም። እውነተኛው ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው መቋቋም) እንደ ፍሪኩዌንሲው ይወጣል፣ ይወርዳል። ሆርኑ ሲቀየርም ይቀየራል። ቀመሩ ለ6300 ኸርዝና ለ8 ኦም 3.16 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይሰጣችኋል። ዲያፍራሙ እዚያ ላይ 12 ኦም ሆኖ ከተገኘ ግን ያው ካፓሲተር የሚቆርጠው 4200 ኸርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ድራይቨሩን በራሳችሁ ሆርን ላይ አስራችሁ ለኩ። አንድ ሬዚስተርና የኮምፒውተር ሳውንድ ካርድ ይበቃል።

ሁለተኛው ጊዜን መርሳት ነው፤ እኔን በጣም ያደከመኝም እሱ ነው። ሁለቱ ዲያፍራሞች ከጉሮሮው አፍ እኩል ላይርቁ ይችላሉ። 6300 ኸርዝ ላይ የድምፅ ሞገድ ርዝመቱ 5.4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። አንዱ በ2.7 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ከቀረ መገናኛቸው ላይ ይጠፋፋሉ። አንድ ማታ እያንዳንዱን ለየብቻ ለካሁ፤ መስመሩ ሜዳ ነበር። አንድ ላይ ስከፍታቸው መሀሉ ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ። ጸናጽል ያለበት መዝሙር አስገባሁ። ሽል ሽል ማለቱ ቀርቶ በጋቢ የተሸፈነ መሰለ። የላይኛውን ዲያፍራም ሁለት ሽቦዎች ገለበጥኩ። ጉድጓዱ ሞላ፣ ጸናጽሉም ተመለሰ።

ሁልጊዜ ግን በመገልበጥ ብቻ አይድንም። አንዳንዴ የአንዱን ወገን የፊልተር ቁልቁለት (ከመቁረጫው ወዲያ ድምፁ የሚወርድበትን ፍጥነት) ከሌላው ማጠንከር ይጠይቃል። ይህን ለማየት ማይኩን ሳታንቀሳቅሱ፣ ለሁለቱም አንድ የጊዜ መነሻ ይዛችሁ ለኩ። አለበለዚያ የምታዩት ጩኸቱን እንጂ ማን ቀድሞ እንደደረሰ አይደለም።

ቀጥሎ የድምፅ መጠን። ሆርን ላይ የታሰረ ኮምፕሬሽን ድራይቨር ከቤት ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ከሚያወጣው ስፒከር) በ10 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ሊበልጥ ይችላል። ብዙዎች አንድ ሬዚስተር በተከታታይ አስረው ያልፋሉ። እኔ ኤል ፓድ፣ ማለትም በሁለት ሬዚስተር የሚሠራ መቀነሻ፣ ይሻላል እላለሁ። ለ8 ኦም፣ 10 ዴሲቤል ለመቀነስ 5.5 ኦም በተከታታይ፣ ከዲያፍራሙ ጎን ደግሞ 3.7 ኦም በትይዩ ታስራላችሁ። ጥቅሙ መቀነሱ ብቻ አይደለም። ዲያፍራሙ 12 ኦም ቢሆንም እንኳ ፊልተሩ የሚያየው 8.3 ኦም ገደማ ነው። የመጀመሪያው ራስ ምታት ግማሹ እዚህ ይቀላል። ጸጥ ባለ ሳሎን የሚሰማው የአምፕ ሹሹታም አብሮ ይቀንሳል። ፓዱ ግን መጀመሪያ ይወሰን፣ ፊልተሩ ከዚያ በኋላ ይሰላ።

መቁረጫውን ወደ ታች አታውርዱ። ያንኑ ድምፅ በአንድ ኦክታቭ (በግማሽ ፍሪኩዌንሲ) ዝቅ ብሎ ለማውጣት ሆርን ላይ ያለው ዲያፍራም ሁለት እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። ሆርኑ ድምፅ መሸከም ከሚያቆምበት በታች ደግሞ ጭራሽ የሚይዘው የለም።

ኮይሎችን ጎን ለጎን አትደርድሩ፤ በማግኔት ይነካካሉ። አራርቁ፣ አንዱን አስተኙ፣ ሌላውን አቁሙ።

የመጨረሻው በሙከራ ጊዜ ድራይቨሩን ባዶውን ከአምፕ ማገናኘት ነው። አምፑ ሲበራ ጧ የምትለዋ ድምፅ ብቻዋን ስሱን ዲያፍራም ልታበላሽ ትችላለች። ለላይኛው 10፣ ለመካከለኛው 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ እሰሩ። ልኬቱ ሁሉ እስኪያልቅ አትፍቱት።