በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት ሲሸጡ ቀድሞ የሚጣራው

በለገጣፎ ወይም በገላን በኩል ቤት የሚሸጥ ሰው አስቀድሞ ይዞታው በአዲስ አበባ ሥር ይሁን በሸገር ከተማ ያረጋግጥ፤ ካርታው የሚጣራውም ስሙ የሚዛወረውም እዚያው ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ ካርታ የሌለውን የጨረቃ ቤት ግን በሕጋዊ መንገድ ስም ማዛወር አይቻልም።

የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እግድ ወይም የወራሾች ክርክር ካለ ቀብድ ከመቀበልዎ በፊት ለገዢው በግልጽ ይንገሩ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያልፈጸመ ሻጭ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳልና። ቤቱ የጋራ ሀብት ከሆነ የትዳር ጓደኛ ስምምነት ግዴታ ነው። ይህን የሚደብቅ ሻጭ የገዢውን የዓመታት ጥሪት አደጋ ላይ ይጥላል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዝገብ።

ግብርን በተመለከተ፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለንግድ በዋለ ሕንፃ ሽያጭ ላይ 15 በመቶ የጣለው በጠቅላላው ዋጋ ላይ ሳይሆን በተገኘው ጥቅም ላይ ነው፤ ስለዚህ የግዢና የግንባታ ደረሰኞችዎን ይዘው ይቅረቡ። ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያነት ያገለገለ ቤት ግን በተለየ ሁኔታ ስለሚታይ፣ የኖሩበትን ጊዜ የሚያሳይ ማስረጃ ከወረዳው ይውሰዱ።