በአጠቃቀም ሙከራ ወቅት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ለተጠቃሚዎች ሰጥቶ የት ላይ እንደሚቸገሩ መመልከት፣ በባለሙያዎች አጠራር ዩዛቢሊቲ ቴስቲንግ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። በግዴለሽነት ከተሠራ ግን ችግሩን ከማሳየት ይልቅ ይሸፍነዋል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ተጠቃሚው ካደረገው ይልቅ የተናገረውን ማመን ነው። በእኛ ባህል ተጠርቶ የመጣና ሻይ ቡና የተባለ ሰው «የሠራችሁት ነገር አስቸግሮኛል» ብሎ ፊት ለፊት ለመናገር ይሉኝታ ይይዘዋል። በአንድ የክፍያ መተግበሪያ ሙከራ ላይ አጠገባቸው የተቀመጥኩ አንዲት እህል ነጋዴ እናት የልደት ቀን ከሚሞላበት ቦታ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ከስልኩ በላይ ቆመ። መታወቂያቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው አዩና መለሱት፤ በመጨረሻም መተግበሪያው ራሱ ያሳየውን የዕለቱን ቀን እንዳለ ትተው «ቀጥል» የሚለውን ተጫኑ። መታወቂያቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ሲሆን መተግበሪያው የሚቀበለው የፈረንጆቹን ብቻ ነበር፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚሆነውን ልዩነት አስልተው እንዲሞሉ ነበር የተጠበቀው። እንዴት እንዳገኙት ስጠይቃቸው «በጣም ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ» አሉኝ። መልሳቸውን ብቻ ብጽፍ ኖሮ ምዝገባው እንከን የለሽ ይባል ነበር። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያ የምመዘግበው እጅ የሠራውን ነው።

ሁለተኛው ስህተት መልሱን በጥያቄው ውስጥ ማስቀመጥ ነው። «ገንዘብ ላክ የሚለውን ተጭነው 2,000 ብር ይላኩ» የተባለ ሰው ማንበብ መቻሉን እንጂ መንገዱን ማግኘቱን አያሳየንም። «ሐዋሳ የምትማር ልጅዎ የቤት ኪራይ ደርሶባታል፤ ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ዝም ማለት ይሻላል።

ዝም ማለት ደግሞ ከባድ ነው። ሰው ሲቸገር እያዩ አለመርዳት ነውር ስለሚመስለን እጃችንን እንሰዳለን፤ በዚያች ቅጽበት የመጣንበትን ነገር እናጣለን። ተሳታፊው «እዚህ ጋ ልጫን?» ሲል «እኔ ባልኖር ምን ያደርጉ ነበር?» ብሎ መመለስ ይበቃል። የሚፈተነው መተግበሪያው እንጂ እሳቸው አለመሆናቸውንም አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ስህተቱን ሁሉ «እኔ አልተማርኩም» እያሉ በራሳቸው ላይ ይደፈድፉታል። የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ መጠየቅ ጠቃሚ ዘዴ ቢሆንም፣ ብቻን ማውራት ለሚያፍሩ ሰዎች ሁለት ጎረቤታሞችን በአንድ ስልክ ላይ ማስቀመጥ የተሻለ ነው፤ እርስ በርስ ሲመካከሩ ሐሳባቸው በራሱ ጊዜ ይወጣል።

ሙከራውን በሥራ ባልደረቦች ላይ ማድረግም አይገባም። እነሱ አዲስ ስልክና የቢሮ ዋይፋይ አላቸው፤ ደንበኛው ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክና ቆጥቦ የሚከፍተው ዳታ ነው ያለው።

ስለ ተሳታፊዎች ቁጥርም ብዙ አለመግባባት አለ። የአጠቃቀም ሙከራ ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. 5 ተጠቃሚዎች ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉን ያሳያሉ ሲል የጻፈው፣ አንድ ተጠቃሚ በአማካይ 31 በመቶውን ያገኛል ከሚል ስሌት ተነስቶ ነው። ምክሩም 15 ሰዎችን በአንድ ጊዜ ከመሞከር ይልቅ በ5 ሰው ሞክሮ፣ አስተካክሎ፣ እንደገና መሞከር እንደሚሻል ነው፤ ነጋዴውና ተማሪው አጠቃቀማቸው የሚለያይ ከሆነም ለየብቻ መታየት አለባቸው። ይህን ዘንግቶ በ5 ሰዎች አንድ ጊዜ ሞክሮ «40 በመቶ ተቸግረዋል» ብሎ ሪፖርት ማቅረብ አሳሳች ነው፤ የተቸገሩት ሁለት ሰዎች ናቸውና እንደዚያው ይጻፍ።

በመጨረሻም ሙከራውን ሁሉ ነገር እስኪያልቅ ማቆየት አለ። የምረቃው ቀን ከተቆረጠ በኋላ የሚገኝ ችግር «ለቀጣዩ ስሪት» ይባልና ይቀራል። ገጾቹን በወረቀት ላይ ስሎ፣ ተሳታፊው በጣቱ ሲነካ ቀጣዩን ወረቀት እያቀረቡ መሞከር ይቻላል። የእኚያ እናት የልደት ቀን ችግር አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ፣ በአንዲት ወረቀት ላይ ሊታይ ይችል ነበር።