ከውጭ ቡና ገዢ ጋር እንዴት መግባባት ይቻላል

ቡናችንን በብዛት ከሚገዙን አገሮች መካከል ሳዑዲ አረቢያ፣ ጀርመንና ጃፓን ይገኛሉ። ሦስቱም ጥሩ ቡና ይፈልጋሉ። አነጋገራቸው ግን ለየቅል ነው። ቡና ላኪ ቢሮ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ካየሁት ጭቅጭቅ አብዛኛው የመጣው ከቡናው ሳይሆን ከንግግሩ ነበር። እንግሊዝኛው ልክ ሆኖ እንኳ ሐሳቡ መንገድ ላይ ይቀራል። ሥራውን አዲስ ለምትጀምሩ፣ እኔ የምከተለውን ቅደም ተከተል ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ፦ ቀንና ሰዓቱን አጥሩ

ከዚህ የምጀምረው እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት ገንዘብ ስለሚያስከፍል ነው። አንድ ጊዜ ጭነታችን መስከረም 5 እንዲወጣ ተወሰነ። ኢሜይሉን የጻፈው ባልደረባችን መስከረምን «ሴፕቴምበር» ብሎ ተረጎመና «ሴፕቴምበር 5» ብሎ ላከው። የዚያ ዓመት መስከረም 5 ግን ሴፕቴምበር 15 ነበር። ገዢው አስር ቀን ዘገያችሁ ብሎ ተቆጣ። እኛ ደግሞ ምን እንዳጠፋን ጨርሶ አልገባንም።

ስለዚህ ለውጭ ሰው ስትጽፉ የፈረንጆቹን ቀን ብቻ ተጠቀሙ። ወሩንም በቁጥር ሳይሆን በስሙ ጻፉት። 3/5 ለአሜሪካዊ ማርች 5 ነው፣ ለጀርመናዊ ሜይ 3።

ሰዓት ስትቀጥሩ የአዲስ አበባንም የእነሱንም ጻፉ። ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ነው። ጀርመን ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ በ1 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ በ2 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ነው። ቶኪዮ በ6 ሰዓት ይቀድመናል። የሚገርመው፣ በሐበሻ አቆጣጠር የተሞላ የግድግዳ ሰዓት የሚያሳየው ቁጥር ልክ የቶኪዮው ነው። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ስንል እነሱ ዘንድ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ሆኗል። እኛ ለምሳ ስንወጣ የእነሱ የሥራ ቀን አልቋል። ለጃፓን በጠዋት ደውሉ። ሳዑዲዎች ደግሞ ዓርብና ቅዳሜ ያርፋሉ፤ ሐሙስ ማታ የላካችሁት ጥያቄ እሑድ ቢመለስ አትቀየሙ።

ቀጥሎ፦ «እሺ» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ተናገሩ

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» እንላለን። የእኛ እሺ ብዙ ነገር ናት። ሰምቼሃለሁ፣ አከብርሃለሁ፣ እሞክራለሁ ማለት ትሆናለች። አንዳንዴም ፊት ለፊት እምቢ ማለት ከብዶን ነው የምንላት። ጀርመናዊው ግን እሺን እንደ ቃል ይይዛታል። «ሳምፕሉ በሁለት ሳምንት ይደርሳል?» ሲላችሁ እሺ ካላችሁ፣ ቀኑን መዝግቦ ይጠብቃል። ሰምና ወርቅ እንዲፈታ አትጠብቁት፤ ወርቁን ብቻ ስጡት።

መልሳችሁ ከሦስቱ አንዱ ይሁን። አዎ፣ በዚህ ቀን። ወይም አይቻልም፣ በዚህ ምክንያት። ወይም ገና አላወቅኩም፣ ረቡዕ አሳውቃለሁ። ሦስተኛውን መልስ ብዙ ሰው ያፍርበታል። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው፤ ብዙ ደንበኛ ያቆየልን እሱ ነው።

ጃፓናዊው በዚህ ወደ እኛ ይጠጋል። «ሃይ» ሲል ብዙ ጊዜ እየሰማሁ ነው ማለቱ እንጂ ተስማማሁ ማለቱ አይደለም። «እናስብበታለን» ካለም እምቢታ ሊሆን ይችላል። ዝም ሲል ደንግጣችሁ ዋጋ አትቀንሱ፤ እያሰበ ይሆናል። ትገዛለህ ወይስ አትገዛም ብላችሁም አታፋጥጡት። ከስብሰባው በኋላ የትኛው ነጥብ እንዳሳሰበው በኢሜይል ጠይቁት።

ስምና ሰላምታ

ገዢው «አበበ ከበደ» የሚል ስም ሲያይ «ሚስተር ከበደ» ይላል። አባታችሁን መጥራቱ እንደሆነ አያውቅም። ኢሜይላችሁ ግርጌ ላይ «በመጀመሪያው ስሜ ጥሩኝ፣ ሁለተኛው የአባቴ ነው» የሚል መስመር ጨምሩ። ጃፓናዊውን በቤተሰብ ስሙ ላይ «ሳን» ጨምራችሁ ጥሩት። ስሙና አድራሻው ያለበትን ካርድ ሲሰጣችሁ በሁለት እጅ ተቀበሉና አንብቡት። ለታላቅ ሰው ዕቃ በሁለት እጅ እየሰጠን ስላደግን ይህ አይከብደንም።

ሳዑዲው ዘንድ ሰላምታውን አታሳጥሩ። ቤተሰቡን በደፈናው ጠይቁ፤ ሚስቱን ለይታችሁ ግን አትጠይቁ። ገርጣ ያለ፣ ሄል የገባበት ቡና በትንሽ ፍንጃል ይቀርብላችኋል። በቀኝ እጅ ተቀበሉት። ሲበቃችሁ ፍንጃሉን ነቅነቅ አድርጉ፤ አለዚያ ደጋግሞ ይቀዳላችኋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ላደገ ሰው ይህ ጨዋታ እንግዳ አይደለም። ጀርመናዊው ጋ ሁለት መስመር ሰላምታ ይበቃል።

መለኪያው

በፈረሱላ አትነጋገሩ። እኛ 17 ኪሎ እንደሆነ እናውቃለን፣ እነሱ አያውቁም። «320 ኬሻ» ብቻም አትበሉ፤ «ባለ 60 ኪሎ 320 ኬሻ፣ በድምሩ 19,200 ኪሎ» በሉ።

መጥፎ ዜና ሲኖር

የብዙዎቻችን ችግር እዚህ ላይ ነው። ደህና ዜና እስኪገኝ ዝም እንላለን። ለእኛ ይህ ሰውን አለማስጨነቅ ነው፤ ለገዢው ግን መደበቅ ይመስለዋል። በሰማችሁበት ቀን ጻፉ። የሆነውን፣ አዲሱን ቀን፣ እያደረጋችሁ ያለውን። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ደርሷል፣ መርከቡ ግን ዘግይቷል። አሁን የተሰጠን የመጫኛ ቀን ኦክቶበር 12 ነው። ቀደም ብሎ በሚወጣ ሌላ መርከብ ላይ ቦታ እየጠየቅን ነው። ማክሰኞ ውጤቱን እጽፍልዎታለሁ።»

ማክሰኞ ሲደርስ ውጤት ባይኖርም ጻፉ።