አብሮ ለመኖር ስትነሱ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

«ያለንን አንድ ላይ አድርገን እንደ መጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ልንኖር ነው» የሚሉ ወጣቶች በየጊዜው ሊያማክሩኝ ይመጣሉ። ፊታቸው ሲበራ ሳይ ደስ ይለኛል። «ሒሳቡን ማን ይይዛል?» ስላቸው ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። አልፈርድባቸውም። እንዲህ ባለ ማኅበር ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ከታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴም ሠርቻቸዋለሁ።

ሁሉን በአንድ ሳምንት መደባለቅ

ሞቅ ሲላቸው ያላቸውን ሸጠው ይመጣሉ። መሬታቸውን ሸጠው ከገንዘቡ ከፊሉን አስቀርተው ሙሉውን ያመጡ ያስመሰሉትን ባልና ሚስት፣ የሐናንያንና የሰጲራን ታሪክ «ሁሉን ካልሰጠህ ትቀሠፋለህ» ብለው የሚያስተምሩም አሉ። ጴጥሮስ ያለው ግን ሌላ ነው። መሬቱ ሳይሸጥ ያንተ ነበር፣ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በእጅህ ነበር ነው ያለው። ጥፋቱ መዋሸቱ እንጂ ማስቀረቱ አልነበረም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለመነኮሳት ሥርዓት የጻፈው ቅዱስ ቤነዲክቶስ አዲስ መጪውን 12 ወር ይፈትነዋል፤ በየመሃሉም ሥርዓቱን እያስነበበለት «ይሄን ትችላለህ?» ይለዋል። እናንተ ምን አስቸኮላችሁ?

«እንተማመናለን» ብሎ ሒሳብ አለመያዝ

ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። ማንም እንዳይነቅፈው አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮት እንዲሄድ አደረገ። እሱ ምስክር ካስፈለገው እኛማ! ሁለት ሰው ይፈርም፣ መዝገቡም ለሁሉም ክፍት ይሁን። ከአሥራ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ከረጢቱን ይይዝ የነበረው ማን እንደሆነ ደግሞ ታውቃላችሁ፦ ይሁዳ።

ለሩቁ ቸር፣ ለቅርቡ ንፉግ መሆን

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። አንድ ጊዜ ለተፈናቀሉ ሰዎች ገንዘብ ስናሰባስብ የማኅበሩን ካዝና ጭምር አራግፈን ሰጠን። በዚያ ወር የጽዳት ሠራተኛችን ደሞዝ ሦስት ሳምንት ዘገየ። «የኛው ሰው ናት፣ ትረዳናለች» አልን። ከዚያ የእርዳታ ማመልከቻዎችን ተቀምጠን ስናይ አንዷ ወረቀት የእሷ ሆና ተገኘች። ለቤት ኪራይ እንድናበድራት ነው የምትጠይቀው። ያነበብኩት እኔ ነኝ። የጠየቀችው ልክ ያልከፈልናት ደሞዝ ያህል ነበር። አንዱ ወንድማችን «ምስኪን፣ እንስጣት እንጂ» አለ። ከእርዳታው ሣጥን ማለቱ ነው! የገዛ ገንዘቧን በምጽዋት መልክ ልንሰጣት፣ እሷም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ልትለን!

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 የሠራተኛ ዋጋ እስኪነጋ ድረስ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። አንድ ሌሊት ነው የሚለው፣ እኛ ሦስት ሳምንት አሳደርነው። ያዕቆብም በመልእክቱ የተቀማ ደሞዝ ይጮኻል ብሎ ጽፏል። ስለዚህ መጀመሪያ ደሞዝ፣ ቀጥሎ ዕዳ፣ ምጽዋት ከዚያ በኋላ። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» የሚል ቃል ከአሠሪ አፍ ሲወጣ ጆሮዬን አቆማለሁ። ብዙውን ጊዜ ከኋላው ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ሥራ አለ። «አገልግሎት ነው» ይሉታል። አገልግሎት የሚባለው ሰውየው እምቢ ማለት ሲችል ነው።

ለተቸገረ ሰው እየሰጡ ፎቶ ማንሳት። ይሄን ማስረዳት የለብኝም።

በድህነት መፎካከር

ይሄ የኔ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጫማ ብቻ ነበረኝ። ሶሉ ተላቆ ነበር። ሰው እንዲያይልኝ በጉባኤ እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ አዲስ ጫማ ያደረገውን ደግሞ በዓይኔ እመዝናለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት በአጠገቤ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ እግርህን ሰብስብ፣ ሰው ይደናቀፍብሃል» አሉኝ። በማግስቱ ጫማ ገዛሁ። ቤነዲክቶስ ለዚህም መላ አለው። ለሁሉም እንደሚያስፈልገው ይሰጥ፤ ትንሽ የሚበቃው ያመስግን፣ ብዙ የሚያስፈልገው ራሱን ዝቅ ያድርግ፣ ማንም አያጉረምርም ይላል።

ቅሬታን እንደ ኃጢአት መቁጠር

በመጀመሪያዋ የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ከግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ወገን የሆኑት መበለቶች በዕለቱ ማዕድ ሲዘነጉ ወገኖቻቸው አጉረመረሙ። ሐዋርያት «ለምን ታወራላችሁ?» አላሉም። ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። ስማቸውን ልብ ብላችሁ አንብቡት፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታ ያሰማው ወገን ነው አከፋፋይ የሆነው ማለት ነው። እኛ ጋ ቢሆን ቅሬታ ያነሳውን ሰው «መንፈሳዊነት ይጎድለዋል» ብለን ጸሎት እንይዝለት ነበር።

ስለ መውጣት አለመነጋገር

መውጣት የሚባል ነገር ሲነሳ ሁሉም ይሸማቀቃል፤ እንደ ሟርት ይቆጥረዋል። ቤነዲክቶስ ግን መነኩሴው ሲገባ ያወለቀውን ልብስ አትጣሉት፣ ምናልባት አንድ ቀን ሊወጣ ይችላል ብሎ ዕቃ ቤት ያስቀምጥለታል። እኛ ጋ ስምንት ዓመት የኖረ ወንድም ሲወጣ ምን ይዞ እንደሚሄድ ማንም አስቦ አያውቅም ነበር። ሲመጣ ግን መኪናውን ሸጦ ነው የገባው። በሩ ድረስ ሸኘነው፣ ረጅም ጸሎትም አደረግንለት። የመሳፈሪያውን ከጎረቤት ተበድሮ እንደሄደ የሰማነው በኋላ ነው።