ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ከመባሉ በፊት

መኪናው ይነሳል። ግን የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው)፣ የኤርባግና የመሪ መብራቶች አንድ ላይ በርተው ዳሽቦርዱ ሰርግ ቤት መስሏል። የብልሽት ኮድ የሚያነበው ስካነር ሲሰካ በ“ዩ” የሚጀምሩ ኮዶች ይደረደራሉ። ዩ0121 ለምሳሌ፣ የኤቢኤሱ ኮምፒውተር ሲጠሩት አልመለሰም ማለት ነው።

ሦስት ዕቃ በአንድ ቀን አይሞትም። ብዙ ጊዜ የታመመው የየዕቃው ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት መስመር ነው፤ ካን የሚባለው፣ አንድ ላይ የተገመዱ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች።

መጀመሪያ ባትሪ። የድሬዳዋ ሙቀት ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፣ ቮልት ሲወርድ ደግሞ ኮምፒውተሮቹ ይጠፋፋሉ። ያደረ መኪና ላይ 12.6 ቮልት አካባቢ ካላገኛችሁ ቻርጅ አድርጉት። ቦዲው ላይ የታሰረውን ኔጌቲቭም አጥብቁ።

ከዚያ ቴስተር፣ ቮልትና ኦም የሚለካው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ስካነሩ የሚሰካበትን የመኪናውን ሶኬት ሰፊ ጎኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስታዩት፣ 6ኛው ፒን በላይኛው ረድፍ ከግራ ስድስተኛው ነው። 14ኛው ልክ ከሥሩ። በሁለቱ መካከል ኦም ለኩ። (ወፍራም ጫፍ አታስገቡ፤ ቀዳዳው ከሰፋ ሌላ ጣጣ ነው።) በመስመሩ ሁለት ጫፍ በትይዩ የተገጠሙ 120፣ 120 ኦም ሬዚስተሮች ስላሉ ጤነኛው ንባብ 60 ነው። አሮጌ መኪና ላይ ፒኖቹ ላይኖሩ ይችላሉ፤ ጌትዌይ (ሶኬቱን ከውስጡ መስመር የሚለይ ኮምፒውተር) ያለው አዲስ መኪና ላይ ደግሞ ይሄ ልኬት ሙሉውን መስመር አያሳይም።

120 ካነበበ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል። ከዝናብ በኋላ ከሳቢያን ሰፈር የመጣ ፒክአፕ እንዲህ አነበበልኝ። ባለቤቱ “ኮምፒውተር ቀይር” ተብሎ ብር ሊበደር ነበር። ምንጣፉን ስናነሳ ሥሩ ያለው ስፖንጅ ውሃ ጠጥቷል። አንዱን ሶኬት ስነቅለው ፒኑ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ፒኑን ቀየርን፣ 60 መጣ።

ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል፣ ወይም አንድ ኮምፒውተር ውስጡ ሾርት ሆኗል። ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ ከመስመሩ ንቀሉ፤ ንባቡ ከዜሮ የዘለለበት እሱ ነው። እኔ ሁሌም በኋላ ከተገጠመ ጂፒኤስና አላርም እጀምራለሁ።

ሽቦ ስትቀጥሉ በሊድ በይዳችሁ እንደነበረው መልሳችሁ ግመዱት። ናስትሮ ብቻውን አይበቃም፣ በግንቦት ሙቀት ሙጫው ይለቃል። ኮዱን ካጠፋችሁ በኋላም ኮብልስቶን ላይ ንዱት። የላላ ሶኬት አስፋልት ላይ ዝም ይላል።